የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በኢትዮጵያ

የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መብቱ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲደነገግለት፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የወር ጡረታ የሚያገኝበት አገር አቀፍ ሕግ አልነበረውም። የነበረው አሠሪው ካቋቋመ ፕሮቪደንት ፈንድ (በሥራ ዘመን ተጠራቅሞ ሠራተኛው ሲሰናበት የሚሰጠው ገንዘብ)፣ አለዚያም የስንብት ክፍያ ነው። ሁለቱም አንዴ ተከፍለው ያልቃሉ፤ እርጅና ግን ወር በወር ወጪ አለው። ይህን የለወጠው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል።

መዋጮው ከደመወዝ 18 በመቶ ነው፦ 7 ከሠራተኛው፣ 11 ከአሠሪው። ደመወዙ 8,000 ብር ከሆነ ከሠራተኛው 560 ብር ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 880 ብር ይጨምራል። ስሌቱ የሚያርፈው በመደበኛው የወር ደመወዝ ላይ ብቻ ነው፤ አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ቦነስ አይገቡበትም። ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በቅጥር ድርድር ወቅት ደመወዙ ዝቅ ብሎ አበሉ ከፍ ሲል እጅ የሚገባው ገንዘብ አይቀንስም፤ ጡረታው ግን ይቀንሳል።

ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይደመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ሆኖ 22 ዓመት የሠራ ሰው 45 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,600 ብር ያገኛል። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል። ጡረተኛው ሲሞት የትዳር ጓደኛው የጡረታውን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይወርሳሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የሥርዓቱ ጥቅም አገልግሎት መደመሩ ነው። መንግሥት ቤት 6 ዓመት፣ ፋብሪካ ደግሞ 9 ዓመት የሠራ ሰው የ15 ዓመት አገልግሎት ይያዝለታል። የሚበላሸው ማስረጃው ሲጎድል ነው። አሠሪው ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ ድርጅቱ ሊዘጋ ይችላል፤ የአያት ስም በአንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ መልክ፣ በሌላው በሌላ መልክ ተጽፎ ይገኛል። ዕድሜ ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠሩ በተመዘገበው ስለሚጸና፣ ያኔ በግምት የተሞላ የልደት ዘመን 60 ዓመት ሲደርስ አይታረምም። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤን፣ የደመወዝ ወረቀትንና የጡረታ መለያ ቁጥርን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ማስቀመጥ፣ ሥራ ሲለቁም የአገልግሎትና የደመወዝ ማስረጃ በማኅተም መቀበል ያስፈልጋል።

የወር ጡረታው ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ በራሱ አያድግም፤ ጭማሪ የሚመጣው በመንግሥት ውሳኔ ነው። ሰፊው ክፍተት ያለው ግን ከሥርዓቱ ውጭ ነው። የቤት ሠራተኞች በግዴታው ሽፋን ውስጥ አይደሉም። በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች በፈቃዳቸው መግባት ቢችሉም፣ አሠሪ ስለሌላቸው 11 በመቶውን የሚጋራቸው የለም።