ልጅ ሲታመም፦ ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ማባበልና ማሞላቀቅ

እኛ ሀገር ልጅ ሲታመም የቤቱ ሕግ ይላላል። ሌላ ቀን "ሂድ ተኛ" የሚባለው ልጅ እናትና አባቱ መሀል ገብቶ ይተኛል፣ ሱቅ መላላክ ይቀርለታል፣ ምግብ በሰዓቱ ሳይሆን ባሰኘው ሰዓት ይቀርብለታል፣ የቲቪው ሪሞት እጁ ላይ ይቀመጣል፣ ታላቁ ቢያኮርፍ እንኳን "ተወው አሞታል" ይባላል። ከተማም ገጠርም፣ ያለው ቤትም የሌለው ቤትም ይሄው ነው፣ የሚለያየው የሚቀርበው ነገር ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው "በሕመም ሰበብ ልጁን አበላሻችሁት" ይላል፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፣ ለታመመ ልጅ የሚደረገው ማባበል ራሱ የሕክምናው ትልቅ ክፍል ነው፣ ችግር የሚመጣው ፍቅሩ መንገድ ሲስት ነው እሱንም ወደታች እመለስበታለሁ።

መታመሙን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው አያት ወይም እናት ነው። ልጁ ገና ምንም ሳይል "ዛሬ ፊቱ ልክ አይደለም" ይባላል፣ ጨዋታ ትቶ ጥግ ይዞ ከተቀመጠ ደግሞ አለቀ። እናት በእጇ ጀርባ ግንባሩን ትነካለች፣ ከዛ አንገቱን፣ ከዛ ሆዱን፣ ከዛ እግሩን፣ ጭንቅላቱ እየነደደ እግሩ ቀዝቃዛ ከሆነ "እኔን! እኔ ልታመምልህ የኔ ማር" ይጀመራል። ቴርሞሜትር ያለው ቤት ደግሞ በብብት ይለካል፣ 37.5 እና ከዛ በላይ ካለ ትኩሳት ነው የሚባለው።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው እቅፍ ነው። ገጠር ልጁ በአንቀልባ ይታዘላል፣ እናት ታዝላው ቡና ትቆላለች እንጀራ ትጋግራለች፣ ከተማ ደግሞ በነጠላ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ጭን ላይ ይያዛል። ትምህርት ቤት የገባ ትልቅ ልጅ ራሱ ያን ቀን "እዘይኝ" ይላል ማንም አይስቅበትም። እሹሩሩም ይመለሳል፣ ሕፃን እያለ የሰማውን እናቱ ወተቱን ይዛ ቶሎ እንድትመጣለት የሚጠራውን ዜማ አያቱ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ታዜምለታለች። ለኔ ከሁሉ ነገር ዋናው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የታቀፈ ልጅ አያለቅስም፣ ያላለቀሰ ልጅ ደግሞ ይጠጣል፣ የያዘው ሰውም ትንፋሹ ሲፈጥን ወይም ሰውነቱ ሲዝል ወዲያው ያውቃል፣ ብቻውን አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ላይ ግን ይሄ ለውጥ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ምግቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ቀዳሚው አጥሚት ነው፣ ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት ይሠራል። ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል ልጅ ደግሞ አንድ ጓል አፉ ከገባ ድጋሚ አይቀምስም፣ ከዛ የፈላው ላይ ቀስ እየተባለ እየተማሰለ ይጨመራል፣ ወተት ካለ ወተት፣ ትንሽ ቅቤ፣ ስኳር ወይም ማር፣ መጥቆርና መወፈር ሳይጀምር ይወርዳል። ከዛ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ኩባያ ከፍ ተደርጎ እየተገለበጠ ይበርዳል፣ ልጁ ተጋድሞ እሱን ሲያይ ራሱ ግማሽ ሕመሙን ይረሳዋል። ደቡብና ጉራጌ አካባቢ የቡላ ገንፎና የቡላ አጥሚት አለ፣ ለስላሳ ስለሆነ ጉሮሮው ለታመመ ልጅ ይመቻል። ሌላው ሾርባ ነው፣ የዶሮ ወይም የበግ፣ በርበሬ የሌለው፣ ካሮትና ድንች የገባበት፣ እንጀራ ወይም ዳቦ ተነክሮበት የሚበላ። እምቢ ካለ ጉርሻ ይመጣል፣ ይቺ ለአባባ፣ ይቺ ለእማማ፣ ይቺ ለቡችላዋ እየተባለ፣ ቤተሰቡ አልቆ ጎረቤት እስኪጀመር ድረስ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር የጾም ጊዜ ነው። እናትየዋ የምትጾም ከሆነች ወተቱንም ሾርባውንም እየሠራች አትቀምስም፣ ጨዉን በግምት ነው የምትጨምረው ወይ የማይጾም ልጅ ጠርታ "ቅመስልኝ" ትላለች። ቤቱ በሙሉ ሽሮ እየበላ ለአንድ ልጅ እንቁላል ይጠበሳል፣ የታመመ ሰው ከጾም ነጻ ስለሆነ ማንም ጥያቄ አያነሳም።

ጠያቂም አለ። ሰው ልጅ ታመመ ሲባል ባዶ እጁን አይመጣም፣ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ጁስ፣ ይዞ ይመጣና "እግዜር ይማረው" ብሎ ልጁ ራስጌ ያስቀምጣል። ለብዙ ልጅ ለስላሳ መጠጥ ማለት የበዓልና የሕመም ነገር ነው የነበረው፣ ለዛም ነው አሁን ያደገ ሰው ራሱ ሲያመው ሚሪንዳ የሚያምረው። ግን እዚህ ጋር በቁም ነገር መባል ያለበት ነገር አለ፣ ልጁ ተቅማጥ ካለው ለስላሳና ጣፋጭ ጁስ ይጎዳዋል፣ የበዛው ስኳር ውሃውን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል። የሚሰጠው ኦአርኤስ ነው፣ እኛ ሀገር ብዙ ሰው ለምለም ብሎ የሚያውቀው። የአንድ ሊትሩ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዛ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በሻይ ማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ከሱ ጋር ዚንክ ለ10 ቀን ይታዘዛል፣ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆም እንኳን አይቋረጥም። ጣዕሙን ልጅ አይወደውም፣ እና ማባበሉ እዚህ ነው መዋል ያለበት፣ በሚወደው ኩባያ፣ በጨዋታ፣ በተረት፣ በማንኪያ በማንኪያ።

ቅጠላ ቅጠሉም ሰፊ ነው። ምች መታው ከተባለ ዳማከሴ ይቆረጣል፣ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል ሰውነቱም ይታሻል፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ጭማቂውን በቡና ይጠጣዋል። ጤና አዳም፣ ዝንጅብል በማር፣ ጥቁር አዝሙድ በንጹህ ጨርቅ ተቋጥሮ ለጉንፋን ማሽተት፣ ባሕር ዛፍ መታጠን፣ እነዚህ ሁሉ አሉ። ሽታው ብቻ ልጁን የሚያረጋጋበት ጊዜ አለ፣ ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። የሚፈላ ውሃ ላይ ልጅ ማጠንም ቃጠሎ ያደርሳል፣ ቪክስ ደግሞ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም። እምነቱም አብሮ ነው፣ ክርስቲያን ቤት ጸበል ይረጫል እምነት ግንባሩ ላይ ይቀባል፣ ሙስሊም ቤት ቁርዓን የተቀራበት ውሃ ይጠጣል ዱዓ ይደረጋል፣ ልጁ ትልልቆቹ ሁሉ ለሱ ሲጸልዩ ሲያይ የሚሰማው ነገር ቀላል አይደለም።

ፍቅሩ መንገድ የሚስትባቸው ቦታዎች ያልኩት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ተቅማጥና ትኩሳት ሲመጣ ግግ ነው ተብሎ ገና ያልበቀለ ጥርስ ማስነቀል፣ ሳል ሲበዛ እንጥል ማስቆረጥ፣ ሁለቱም ደም ያፈሳሉ ኢንፌክሽን ያመጣሉ፣ ስንት ሕፃን ጎድተዋል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ መስኮት ዘግቶ በሁለት ጋቢና በብርድ ልብስ መጠቅለልም ትኩሳቱን ይጨምረዋል፣ ቀለል አድርጎ ማልበስ ነው። የታላቁን የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠትም አለ፣ አስፕሪንም ለልጅ አይደለም፣ ለትኩሳት ፓራሲታሞል በኪሎው ተለክቶ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲያስተምሩ ከቆዩት ውስጥ የአደጋ ምልክቶች ዋናዎቹ ናቸው፦ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ። ትንፋሽም ይቆጠራል፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና በላይ፣ ከዛ እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። እንዲህ ሲሆን አጥሚቱ ይቆይ፣ ጸበሉም በመንገድ ላይ ይረጭ፣ ልጁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ውጭ ያለው ሐበሻ ቤትም ይሄ ነገር አልጠፋም። ዋሽንግተን ያለች እናት ልጇ ሲያተኩሰው ለሐኪሙ ትደውልና ቀጥላ ለእናቷ በቪዲዮ ትደውላለች፣ አያትየዋ "ወደ ፊቱ አስጠጊልኝ" ትላለች። አረብ ሀገር ሠርተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ልጃቸው ሀገር ቤት አያት እጅ ላይ ታሞ እነሱ የሰው ልጅ እያስተኙ በስልክ ያባብላሉ፣ ይሄን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። አያቶቹ ላይ ያለው ሸክምም ብዙ አይወራለትም።

ልጁ ሲሻለው ነገሩ አላለቀም። መዳኑ የሚታወቀው ሲበሳጭና ሲያማርጥ ነው፣ "ራበኝ" ሲል ደግሞ ቤቱ እልል ነው የሚለው። በዚህ ጊዜ ነው እንደውም ማብላት የሚያስፈልገው፣ በሕመሙ የቀነሰውን ክብደት እንዲመልስ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው ይባላል፣ እንቁላሉም ቅቤውም አቮካዶውም እዚህ ጋር ቢበዛ አይጎዳም። ሌላው መሞላቀቅ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ወደ አልጋው ይመለሳል፣ ከዛ ሪሞቱን ይነጠቃል፣ ሱቅ መላላኩ ግን ለጥቂት ቀን ታላቁ ላይ እንዳለ ይቆያል።