ዳርሻን ምንድን ነው?

ዳርሻን በሳንስክሪት «ማየት» የሚል ትርጉም ካለው ሥር የወጣ ቃል ነው። ይሁን እንጂ አንድ የሂንዱ ምእመን ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄደው «ለዳርሻን» መሆኑን ሲናገር፣ አምላኩን ሊያይ፣ በአምላኩም ሊታይ መሄዱን መግለጹ ነው። በሂንዲ አነጋገር አምላኩ ዳርሻን ይሰጣል፤ ሰውየውም ይወስዳል። በቤተ መቅደሱ ያለውን የአምላኩን ምስል እንደ ጌጥ ብቻ የሚያይ እንግዳ ይህ የመተያየት ነገር ካልተነገረው፣ የሥርዓቱ ዋና ፍሬ ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ዐይን ትልቅ ስፍራ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። አዲስ ምስል ሲመረቅ ዐይኖቹን «የመክፈት» ሥርዓት ይፈጸማል፤ ከዚያ ወዲያ ምስሉ እንደ ንጉሥ ይስተናገዳል፤ ማለዳ ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይመገባል፣ ማታም ያርፋል። ምግብ ሲቀርብለት መጋረጃው ይዘጋል። መጋረጃው ሲገለጥ ደወሉ ይደወላል፣ ካህኑም የበራ መብራት በምስሉ ፊት እያዞረ ፊቱን ከጨለማው ያወጣዋል። አራቲ በሚባለው በዚህ ሥርዓት መጨረሻ መብራቱ ወደ ሕዝቡ ይመጣል፤ እያንዳንዱም መዳፉን በነበልባሉ ላይ አሳልፎ ዐይኑንና ግንባሩን ይዳስሳል።

የዳርሻን ናፍቆት ጎልቶ የሚታየው፣ በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኦዲሻ ግዛት፣ በፑሪ ከተማ ባለው የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጃጋናት ቤተ መቅደስ ነው። አምላኩ ጃጋናት፣ ታላቅ ወንድሙ ባላባድራና እህታቸው ሱባድራ ከኒም እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ የጃጋናት ዐይኖች ትልልቅና ፍጹም ክብ ሲሆኑ የዐይን ቆብ የላቸውም። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን፣ አማልክቱ በሕዝብ ፊት በ108 እንስራ ውሃ ይታጠባሉ። ከዚህም የተነሣ ትኩሳት ያዛቸው ተብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ከእይታ ይሰወራሉ፤ የዕፅዋት መድኃኒትና ፍራፍሬ ይቀርብላቸዋል፣ ቀለማቸውም ይታደሳል።

ከዚያ በኋላ የራት ያትራ፣ ማለትም የሠረገላ ጉዞ በዓል ይከበራል። በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚሠሩት ሦስት የእንጨት ሠረገላዎች 16፣ 14 እና 12 መንኰራኵር አላቸው፤ ትልቁ የጃጋናት ነው። የፑሪ ንጉሥ የሠረገላዎቹን ወለል እጀታው ወርቅ በሆነ መጥረጊያ ከጠረገ በኋላ፣ ሕዝቡ በወፍራም ገመድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ይጎትታቸዋል። የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አያስገባም፤ በዚህ ቀን ግን መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ዳርሻን ያገኛል።

አማልክቱ ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲመለሱ፣ በጉዞው ሳትወሰድ የቀረችው የጃጋናት ሚስት ላክሽሚ ተቀይማ በሩን ትዘጋበታለች። ጃጋናትም ራሳጎላ የተባለውን ጣፋጭ አቅርቦ እስኪያስታርቃት ድረስ ደጅ ይጠናል።