ጭነቱን የቻለ የማጣበቂያ ናሙና ለምን ውድቅ ይደረጋል?

በአዳማ የቁሳቁስ ምህንድስና የሚማሩ ተማሪዎችን ግር ከሚያሰኙ የአውሮፕላን ማጣበቂያ ፍተሻ ደንቦች አንዱ፣ በመሳቢያ ማሽን ተፈትኖ የሚፈለገውን ጭነት የተሸከመ ናሙና አንዳንድ ጊዜ ውድቅ መደረጉ ነው። በተለመደው ፍተሻ ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮች ጫፎቻቸው 12.7 ሚሊ ሜትር ያህል ተደራርበው ከተጣበቁ በኋላ እስኪላቀቁ ድረስ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሳባሉ፤ ማሽኑ የሚመዘግበው ቁጥር ግን ብቻውን አይበቃም፤ የተላቀቀው ገጽም በቅርበት መታየት አለበት።

ማጣበቂያው ራሱ መሃል ለመሃል ተቀዶ ቅሪቱ በሁለቱም ቁራጮች ላይ ከታየ፣ ከብረቱ ጋር የነበረው ትስስር ከማጣበቂያው ጥንካሬ በልጦ ነበር ማለት ስለሆነ ውጤቱ መልካም ነው። አንደኛው ብረት ግን ታጥቦ እንደወጣ ሳህን ጠርቶ ከተገኘ፣ ማጣበቂያው በወጉ አልያዘውም፤ የጣት ቅባት፣ አቧራ ወይም የገጽ ዝግጅት ጉድለት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ዛሬ ከፍተኛ ቁጥር ቢያስመዘግብም እርጥበት ሲደርሰው በጊዜ ብዛት ሊላላ ይችላል፤ ደረቅና አዲስ ናሙና ደግሞ ይህን አያሳይም፣ በእኔ እይታ ደንቡን ተገቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ስለዚህም መገጣጠሚያው ላይ ሽብልቅ ተሰክቶ፣ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ስንጥቁ ምን ያህል እንደረዘመ የሚለካበት ሌላ ፍተሻ አለ።

ማጣበቂያ ሲላላ ምን ሊከተል እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 በሃዋይ ሰማይ ላይ የጣሪያው ክፍል የተገነጠለው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሲመረመር፣ የተደራረቡት ቆርቆሮዎች ማጣበቂያ ተላቆ ጭነቱ ቆርቆሮዎቹን በሚያያይዙት ሪቬቶች (የብረት ምስማሮች) ላይ በማረፉ በቀዳዳዎቻቸው ዙሪያ የድካም ስንጥቆች፣ ማለትም ጭነት ሲደጋገም የሚመጡ ስንጥቆች፣ እንደተፈጠሩ ታውቋል።