ዛፍና ሣር በአዲስ አበባ ዙሪያ

ሳቫና የሚባለው ዛፍና ሣር ተጋርተው የሚኖሩበት ምድር ነው። ዛፉ ተራርቆ ይቆማል፤ በመካከሉ ሣሩ ይነጠፋል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ማየት ሲፈልግ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳል። እዚያ ኢላላ ሳላ በተባለው ሜዳ ላይ ሳላ የሚባለው ረጅም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ ሲግጥ ይታያል። የከተማዋ ዳርቻ ግን ደጋ ነው፤ ሳቫና አይባልም። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ዛፉ ሣሩን ለምን አላጠፋውም? ሣሩስ ዛፉን?

የቆየው መልስ ስለ ሥር ነው። ሣር ከላይኛው አፈር ይጠጣል። ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ሣሩ ያልደረሰበትን ውኃ ይስባል። ይህን አሳብ ያስፋፋው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃይንሪሽ ዋልተር ነው። አሳቡ ደግ ነው፤ ችግኝን ግን ይረሳል። የግራር ችግኝ ሥሩ ገና አጭር ስለሆነ ከሣሩ ጋር ከአንድ ገበታ ነው የሚበላው፤ ብዙውን ጊዜም ይሸነፋል። እሳት ሲመጣ ደግሞ ከሣሩ ቁመት ያላለፈ ችግኝ አብሮ ይነዳል። ከብት ሣሩን ሲጨርሰው እሳቱ ነዳጅ ያጣል፤ ያኔ ዛፉ ቀና ይላል። ቦረና ውስጥ እሳት ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦ ግጦሹን ወርሶታል።

ዝናብም ድርሻ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአፍሪካ 854 ቦታዎችን አነጻጽሯል። ዓመታዊው ዝናብ 650 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ የዛፉ ብዛት የሚደርስበትን ጣሪያ የሚወስነው ዝናቡ ነው። ከዚያ በላይ ዝናቡ ለደን ይበቃል፤ ሣር የሚተርፈው እሳት፣ ከብት ወይም ሌላ ነገር ዛፉን ሲገታው ነው። አዲስ አበባ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ስለዚህ በከተማዋ ዙሪያ ሜዳ ያየ ሰው «ዛፉን ማን ከለከለው?» ቢል አግባብ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለችው ሱሉልታ መልሱ ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምቱን ውኃ ቋጥሮ ይተኛል፤ ሥር አየር ያጣል። በጋ ሲገባ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፤ የችግኙንም ሥር ይበጥሳል። ሣሩ ግን ሁለቱንም ይችለዋል። ማገጡ፣ ሙጃው፣ ሰርዶው በመስከረም ከአደይ አበባ ጋር ሲወጣ የሱሉልታን ሜዳ የሚያህል የለም፤ ይህን የምለው እዚያ ስላደግኩ ብቻ አይደለም። ሜዳው ክረምቱን ከከብት ይጠበቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይታጨዳል፤ ድርቆሹም ተከምሮ በመኪና ወደ ከተማ ይገባል። የአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይህን ያውቃሉ። ማጭዱም እግረ መንገዱን ሣር መሐል ብቅ ያለውን ችግኝ ይቆርጣል። ከብት ሁልጊዜ በሚውልበት ዳገት ላይ ግን የሚተርፈው የማይወደደው ሣር ነው። ከነዚህም ስንደዶና አክርማ ለስፌት ይውላሉ።

ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ እርሻው ውስጥ ገርቢ ቆሟል። ገርቢ የግራር ዘመድ ነው፤ ጠባዩ ግን ግልብጥ ነው። ክረምት ሌላው ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለብሳል። ስለዚህ ጤፉን ጥላ አይጋፋውም። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ፍሬውን ከብቱ ይበላል። ጤፍም ሣር ነውና፣ ገበሬው ሳቫናውን በእጁ ሠርቶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ከምኒልክ በፊት የነበረው ዛፍ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ከምኒልክ ወዲህ ያለው ታሪክ ግን ረጅም ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶና የቤት እንጨት በዙሪያዋ ያለውን ደን በጥቂት ዓመታት መነጠረው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ ዞረው አዲስ ዓለምን መቆርቆራቸውም ከእንጨቱ እጥረት ጋር ይያያዛል። ከተማዋ ግን አልተነቀለችም፤ ያተረፋትም ባህር ዛፍ ነው ይባላል። ዛፉ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ እንደገባ ይጻፋል። ማን አመጣው የሚለው ላይ ስምምነት የለም። ብዙዎች ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳይዬን ይጠቅሳሉ፤ ሌላ ስም የሚያነሱም አሉ። ዛፉ ቶሎ ያድጋል። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከብትም ፍየልም ቅጠሉን አይነካውም። ለከተማ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እንጦጦ ነጭ ባህር ዛፍ ለበሰ፤ ገበሬውም በግቢው ዳር ተከለ። በደርግ ዘመን ለማገዶ ሰፊ ተከላ ተካሂዷል።

ከሥሩ ግን ሣር አይበረክትም። አንዳንዱ ውኃውን ስለሚሻማ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ከቅጠሉ የሚወጣውን ነገር ይወቅሳል። እኔ ሦስተኛውንም አልረሳም፦ የእንጦጦ እናቶች የረገፈውን ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ጠርገው ይወስዱታል። አፈሩ ራቁቱን ሲቀር ዝናብ ያጥበዋል። ሣር በሌለበት ዳገት ጎርፍ የሚያቆመው የለም።

በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ በአፍሪካም ከጥንቶቹ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። ጽዱ በገጠመበት ጥላ ሥር ሣር ጥቂት ነው። ሣሩ የሚታየው ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት ክፍት ቦታ ነው።

የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ዛሬ በፋብሪካና በሰፈር እየጠበበ ነው። ጠርዙ ላይም ቦይ ይቀደዳል። ውኃው ሲፈስ ዋልካው ዛፍ መከልከሉን ይተዋል፤ ባህር ዛፍም ይይዛል።