በሽንት ጊዜ የስሜት ነርቮች ቁጥጥር በህብለ ሰረሰር

የሽንት ፊኛ ሥራ ሁለት ነው፤ ማጠራቀምና ማስወጣት። አብዛኛው ጊዜ በማጠራቀም ያልፋል። ወደ ማስወጣት ለመሸጋገር ግን የፊኛው ግድግዳ ጡንቻ መኮማተሩና የመውጫው ቀለበታማ ጡንቻ መላላቱ ብቻውን አይበቃም። ከፊኛው፣ ከሽንት መውጫ ቱቦውና ከአካባቢው ቆዳ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚገባው መልእክትም በዚያው ቅጽበት መጣራት አለበት፤ የሚያልፈው ያልፋል፣ የሚገታው ይገታል። ስለ ሽንት ሲጻፍ ጡንቻዎቹ ሰፊውን ቦታ ይይዛሉ፤ የሥርዓቱ ብልሃት ያለው ግን በዚህ ማጣሪያ ላይ ነው።

መልእክቱ የሚጓዘው ፔልቪክ፣ ሃይፖጋስትሪክና ፑደንዳል በሚባሉ ሦስት ነርቮች ነው። ፊኛው መሙላቱን በዋናነት የሚያስታውቀው ፔልቪክ ሲሆን ፑደንዳል ደግሞ የመውጫ ቱቦውንና በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ቆዳ ስሜት ያመጣል። የሁለቱ የስሜት ክሮች በሰው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ባለው የሳክራል (የህብለ ሰረሰሩ ታችኛ ጫፍ) ክፍል ወደ ህብለ ሰረሰር ይገባሉ። ክሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ምልክትን የሚያፋጥን ስስ የማይሊን (የስብ) ሽፋን ያላቸው ኤ-ዴልታ እና ሽፋን የሌላቸው ሲ። በድመት ላይ እንደታየው ኤ-ዴልታ ክሮች የፊኛው ግፊት ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ መናገር ይጀምራሉ፤ ሲ ክሮች ግን በጤናማ እንስሳ ለተራ መሙላት በአብዛኛው ዝም ይላሉ።

የኤ-ዴልታ መልእክት እዚያው ህብለ ሰረሰር ላይ አይቋጭም። ወደ አንጎል ግንድ ወጥቶ ይመለሳል። ፖንስ በተባለው የግንዱ ክፍል የሽንት ማዕከል መኖሩን ተመራማሪው ባሪንግተን በ1925 በድመቶች ላይ አሳይቷል። ማዕከሉ ሲነሳ የፊኛው ነርቮች ይቀሰቀሳሉ፤ የቀለበታማውን ጡንቻ የሚያዙት፣ በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ኦኑፍ በተባለው ኒውክሊየስ (የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ) ያሉት አንቀሳቃሽ ሕዋሳትም ይታገዳሉ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በማጠራቀም ጊዜ የብልት አካባቢ ቆዳ ሲነካ ወይም መውጫ ቱቦው ሲነቃነቅ ቀለበታማው ጡንቻ ይጠብቃል፣ የፊኛው መኮማተርም ይዳከማል። ይህ ሽንት ሳይታሰብ እንዳያመልጥ የሚጠብቅ ሪፍሌክስ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚመጣ ምላሽ ነው። ይሁን እንጂ ሽንት ሲወርድ ፈሳሹ ራሱ ቱቦውን ይነካል። ሪፍሌክሱ እንደነበረ ቢቀጥል ሽንት በጀመረ ቁጥር ራሱን በራሱ ያቋርጥ ነበር።

በ1990ዎቹ በድመቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች መልሱን በሁለት ደረጃ አሳዩ። አንደኛው በአንቀሳቃሽ ሕዋሳቱ ላይ ነው፤ ጋባና ግላይሲን የተባሉ ገቺ ኬሚካሎችን የሚለቁ አገናኝ ሕዋሳት ቀለበታማውን ጡንቻ የሚያዙትን ሕዋሳት ያግዳሉ። ሁለተኛው፣ ለእኔ ይበልጥ የሚያስገርመው፣ መልእክቱ ገና ከመድረሱ በፊት በስሜት ክሩ ጫፍ ላይ የሚፈጸመው ነው። በስሜት ክር ውስጥ ክሎራይድ ከሌሎች ብዙ ነርቮች በበለጠ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ ጋባ ክሩ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ክሎራይዱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የጫፉም የኤሌክትሪክ አሉታዊነት ይቀንሳል። ይህ ለውጥ ሕዋስን የሚያነቃቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ጫፉ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ምት ስለሚያዳክመው ከጫፉ የሚለቀቀው ኬሚካላዊ መልእክት ያንሳል። ስለዚህ በሽንት ጊዜ የብልት አካባቢ ቆዳ ሲነካ በአንቀሳቃሽ ሕዋሳቱ ላይ የሚፈጠረው ምላሽ ከወትሮው ይቀንሳል።

የክሩን ጫፍ ሁኔታ ለማወቅ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴም ብልህ ነው። ጫፉን በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነኩትና ወደ ኋላ የሚመለሰውን ምት በነርቩ ላይ ይለካሉ። ምቱ ከጨመረ ጫፉ በጋባ ተጽዕኖ ሥር እንዳለ ይገመታል።

ማጣሪያው ሁሉንም በጅምላ አይዘጋም። ባሪንግተን ራሱ እንዳስተዋለው በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ፊኛው ይበልጥ እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ይህ መልእክት ፊኛው እስኪጨርስ ድረስ መሰማት ይኖርበታል። የአንድ ቱቦ ስሜት ለፊኛው እየተሰማ ለቀለበታማው ጡንቻ ይደፈናል ማለት ነው።

እንስሳትም አንድ ዓይነት አይደሉም። በድመትና በሰው ቀለበታማው ጡንቻ ሽንት እስኪያልቅ ጸጥ ይላል፤ በአይጥ ግን በፍጥነት እየጠበቀና እየላላ ሽንቱን በምት በምት ይገፋል። አዲስ የተወለዱ ድመቶችና አይጦች ደግሞ የሚሸኑት እናታቸው የብልታቸውን አካባቢ ስትልስ ነው። በአዋቂው ፊኛውን የሚያግደው ንክኪ በሕፃኑ ያስነሳዋል። ይህ ሪፍሌክስ እንስሳው ሲያድግ ይታገዳል።

ህብለ ሰረሰር ከሳክራሉ ክፍል በላይ ሲቆረጥ ግን ተመልሶ ይመጣል። ከአንጎል ግንድ የሚወርደው ትእዛዝ ስለሌለ ፊኛው መጀመሪያ ይዝላል፤ ከሳምንታት በኋላ ዝም ብለው የነበሩት ሲ ክሮች የራሳቸውን አጭር ሪፍሌክስ ይመሠርታሉ። እነዚህን ክሮች የሚያደነዝዘው ካፕሳይሲን (የበርበሬ አቃጣይ ንጥረ ነገር) ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ድመት ላይ የፊኛውን ሪፍሌክስ ያጠፋል፤ ጤናማ ድመት ላይ ግን አያጠፋም። ማጣሪያው ስለተበላሸም ፊኛው ሲኮማተር ቀለበታማው ጡንቻ አብሮ ይጠብቃል፤ በፊኛው ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ግፊትም ወደ ኩላሊት ተሻግሮ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።