የአገሪቱን እዳ ያመጣው ማን ነው? ለማያልቀው ጭቅጭቅ ትንሽ ሒሳብ

ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔ ከታወቀ ሰርግ ቤትም ማምለጫ የለኝም። ግማሹ «ይሄን ሁሉ እዳ የቆለለብን ኢሕአዴግ ነው» ይላል። ግማሹ «ኧረ ብልጽግና ነው!» ይላል። ከዚያ ፍረጂን ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። እሺ፣ አንድ በአንድ።

«ያለብን የቻይና እዳ ብቻ ነው።» ከመንግሥታት መካከል ትልቋ አበዳሪያችን ቻይና ናት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የዓለም ባንክ ነው።

«የውጭ እዳ ውስጥ የዘፈቀን የሕዳሴው ግድብ ነው።» አይደለም። ግድቡ በዋናነት የተሠራው ከአገር ውስጥ ባንክና ከቦንድ በተገኘ ገንዘብ ነው።

«ዩሮቦንዱን መክፈል ያቃተው ብልጽግና ስለሆነ እዳው የሱ ነው።» ዩሮቦንድ ማለት መንግሥት ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረበት ቦንድ ነው። 1 ቢሊዮን ዶላሩ የተወሰደው በ2007 ዓ.ም. በኢሕአዴግ ዘመን ነው፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ዋናው ገንዘብ በ10 ዓመቱ ባንዴ የሚከፈል ነበር። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ሲቀር ወንበሩ ላይ የነበረው ብልጽግና ነው። ብልጽግና ራሱ ደግሞ ከኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች ሦስቱ ከአጋር ድርጅቶች ጋር ተዋህደው የመሠረቱት ፓርቲ ነው። እንግዲህ «እነሱ» የምትሉት እነማንን ነው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። «እዳው በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ፤ ይሄን ያህል ተበደሩ!» የምትባለዋ። ሰው በብር የተጻፈ ቁጥር ያይና ይጮኻል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120ን አለፈ። ያ ዩሮቦንድ አንድ ሳንቲም ሳይጨመርበት ከ57 ቢሊዮን ብር ወደ 120 ቢሊዮን ብር ዘለለ ማለት ነው። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ በዱቤ ማሽን አስገብቶ ነበር። የዚያን ዓመት ሒሳብ ስንዘጋ ሸሪኩ የሆነ ወንድሙ «ከኔ ተደብቀህ ተበድረሃል» ብሎ ተኳረፉ። ውሉን አውጥቼ ዶላሩ ያው መሆኑን እስካሳየው ድረስ አላመነኝም።

የመንግሥት ደጋፊዎች እዚህ ጋ ያጨበጭባሉ። ቆይ፣ አልጨረስኩም! በዚያው ሰሞን አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ለአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጽድቋል። እሱ አዲስ ብድር ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ከንግድ ባንክ ወስደው ያልመለሱት ብድርም ወደ መንግሥት መዝገብ ሲዛወር የመንግሥት እዳ ያብጣል። ያን ብድር ግን ድርጅቶቹ የወሰዱት ቀደም ብሎ ነው።

ስለዚህ ቁጥር ሲያሳዩአችሁ ጠይቁ። በዶላር ነው በብር? የውጭ ብቻ ነው ወይስ የአገር ውስጡም አለበት? የልማት ድርጅቶቹ ተቆጥረዋል? ብድሩ መቼ ተፈረመ፣ መከፈል የሚጀምረውስ መቼ ነው? የጅቡቲን ባቡር እዩት። ብድሩ በኢሕአዴግ ጊዜ ተፈረመ፣ በ2010 መጨረሻ መክፈያው ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ገንዘብ ሚኒስቴር የሚያወጣው የእዳ መግለጫ ከነዚህ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹን ለይቶ ይመልሳል። ፌስቡክ ላይ ከማጋራታችሁ በፊት እሱን ክፈቱት።