«አፏን ከፍተሽ አጉርሻት»፦ ስለ አዲስ ኤሊ የሰማኋቸው ምክሮችና እውነታው

ጎረቤታችን ወደ አዲስ አበባ ስትዛወር ኤሊዋን ለእኛ ትታልን ሄደች። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ኤሊ አይኖርም፤ እውነቷን ነው። ልጆቼ ወዲያው «ባጃጅ» ብለው ስም አወጡላት። ለፍጥነቷ ሳይሆን ለጣሪያዋ ነው።

ባጃጅ ግቢያችን ከገባች በኋላ ለአሥር ቀን አንድ ቅጠል እንኳ አልቀመሰችም። ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ምክር ነበረው። ሁሉንም ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ባጃጅ ዛሬ አትኖርም። ከእንስሳት ሐኪም የጠየቅሁትን፣ ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ይዤ ምክሮቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

የማወራው ስለ የብስ ኤሊ ነው። የእኛዋ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ቢጫና ጥቁር የተዥጎረጎረው ዓይነት ናት። የዚህች ኤሊ አገር ቆላ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ፣ ቦረና፣ ደቡብ ኦሞ። እኛ የምንኖርባት ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይጠፋባት ወይና ደጋ ናት። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

«ካልበላች ልትሞት ነው፤ አፏን ከፍተሽ አጉርሻት»

ይህን ያሉኝ አንዲት በጣም የማከብራቸው እናት ናቸው። ጉርሻ ለሰው ነው፤ ለኤሊ አይሆንም። አፏን በግድ ስትከፍቱ መንጋጋዋ ሊጎዳ ይችላል። ምግቡም ወደ መተንፈሻዋ ሊገባ ይችላል።

ጤነኛ የሆነች አዋቂ ኤሊ ቤት ስትቀይር አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ሳትበላ ልትቆይ ትችላለች። ሽታው አዲስ ነው፣ መሬቱ አዲስ ነው፣ ድምፁ አዲስ ነው። እሷ የምታስበው ስለ ምሳ ሳይሆን ስለ መደበቂያ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መደበቂያ፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ከዚያ ውሃ፣ በመጨረሻ ምግብ። እኛ ግን ሁልጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን። እንግዳ ሲመጣ መሶብ ማቅረብ ለምዶብናል።

ለመደበቂያ አንድ ወገኑ የተከፈተ የእንጨት ሣጥን በድርቆሽ ሞልቼ አስቀመጥኩላት። ገባች። ሁለት ቀን አልወጣችም። ዝም አልኳት።

«ምግቡን ስላልወደደችው ነው፤ ቀይሪላት»

እኔም መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጎመን አቀረብኩ፣ ሰላጣ አቀረብኩ፣ ካሮት ከተፍኩ። ችግሩ ምግቡ አልነበረም። ባጃጅ በርዷት ነበር።

ኤሊ እንደ እኛ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፤ ከፀሐይና ከመሬት ትዋሳለች። ሰውነቷ ካልሞቀ አንጀቷም አይሠራም። የበላችው ሣር የሚፈጨው አንጀቷ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ነው፤ እነሱም የሚሠሩት በሙቀት ነው። በርዷት ብትበላ እንኳ ምግቡ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ይበላሻል። አልበላም ማለቷ ብልህነት ነው።

ቀን ላይ አንድ ጥግ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ፣ ሌላው ጥግ ደግሞ 25 ዲግሪ ገደማ ቢሆንላት ጥሩ ነው። ሲሞቃት ወደ ጥላው፣ ሲበርዳት ወደ ሙቀቱ ራሷ ትሄዳለች። ጅማ ፀሐይ በወጣ ቀን ይህን በነፃ ታገኛለች። ፈተናው ሌሊቱና ደመናው ነው። የእኔ መፍትሔ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ነበር። ቆጣቢው አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም፤ አትሸወዱ። አምፖሉን ከፍ አድርጋችሁ በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ድርቆሽ ላይ ቢወድቅ እሳት ነው። መብራት ሲጠፋ (ይጠፋል መቼም) ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ሣጥኑ ውስጥ ከጎኗ አስቀምጡ።

አምፖሉ በገባ በሦስተኛው ቀን አንገቷን አውጥታ ግቢውን ዞረች። አሁንም አልበላችም። ግን ዞረች።

«በክረምት እኮ ትተኛለች፤ ተያት»

ይህኛው ከኢንተርኔት የመጣ ነው። የሜዲትራንያን አካባቢ ኤሊዎች በብርድ ወራት ለረጅም ጊዜ ይተኛሉ። የእኛ አገር ቆላ ኤሊ ግን እንዲህ ያለ እንቅልፍ የላትም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ኤሊዋ ከደነዘዘች ተኝታ አይደለም፤ ቀዝቅዛ ነው። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ሳንባዋን ያማታል። በአፍንጫዋ አረፋ ካያችሁ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ዓይኗ ካበጠ በሙቅ ውሃ ጠርሙስ አይታለፍም፤ ሐኪም ይያት። ጅማ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። ስለ ኤሊ ጠይቄ የሳቀብኝ አልገጠመኝም።

«ኤሊ የውሃ እንስሳ ናት፤ በርሜል ውስጥ ክተቻት»

ጥፋቱ የቋንቋችን ነው። በውሃ የምትኖረውንም በየብስ የምትኖረውንም «ኤሊ» ብለን እንጠራለን። የየብስ ኤሊ ለዋና አልተፈጠረችም። እግሯ እንደ ዝሆን እግር ምሰሶ ነው እንጂ መቅዘፊያ አይደለም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብትገባ ልትሰምጥ ትችላለች።

ውሃ ግን ትፈልጋለች፤ አዲስ ለመጣች ደግሞ ከምግብ ይቀድማል። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ፤ ከአገጯ በታች ይሁን፣ ራሷን ሳትቸገር ቀና ማድረግ አለባት። 15 ወይም 20 ደቂቃ አቆዩአት፤ ጥላችኋት አትሂዱ። አንገቷን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ስትጠጣ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ እዚያው ትጸዳዳለች። ከሽንቷ ጋር ነጭ እርጎ መሳይ ነገር ቢወጣ አትደንግጡ፤ ጤነኛ ነው። ነጩ ነገር እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ውሃ አንሷታል ማለት ነው። ከዚያ አድርቁና ወደ ሙቀቱ መልሷት።

«ሙዝና አቮካዶ በሞላበት አገር ምን ያስቸግራል?»

በእርግጥ ጅማ ላይ አቮካዶ ከዛፍ ወድቆ የሚለቅመው ይጠፋል። ለኤሊ ግን አይሰጥም። ቅጠሉ፣ ልጣጩና ፍሬው ፐርሲን የሚባል ነገር አላቸው፤ ለወፍ፣ ለጥንቸል፣ ለፈረስ መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ዛፉ ካለ የረገፈውን ቅጠል ጥረጉ።

ሙዝና ፓፓያ ስኳር ናቸው። አንዴ ለማማለል ትንሽ ቁራጭ አይገድልም፤ ልማድ ከሆነ ግን ሆዷ ይላላል። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ወተት፣ ሥጋ ጭራሽ አይሆኑም። ይህች እንስሳ የተፈጠረችው ሣር ለመጋጥ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ምግቧ ነፃ ነው። ሰርዶ፣ ማጋጥ፣ ጎርጠብ ግቢያችሁ ውስጥ አሉ። የበለስ ቅጠል እሾሁ ተላጥቶ ይሰጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ አንዳንድ ሰው በለስንም «ቁልቋል» ይላል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ሌላ ነው፤ ወተቱ አፏንና ዓይኗን ያቃጥላል። አጥር ላይ የሚበቅለው የወፍ ቆሎ፣ ጉሎና እንዶድም መርዝ ናቸው። መድኃኒት የተረጨ ሣርም አትልቀሙ።

ጎመን ከሣሩ ጋር ተቀላቅሎ አልፎ አልፎ ይሁን። ቆስጣ ጥቂት ብቻ ይሁን፤ ካልሲየሟን ይይዝባታል። ሰላጣ ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ አይጠቅምም። ለካልሲየም እኔ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ፈጭቼ ሣሩ ላይ እነሰንስላታለሁ። ዱር ያሉት አጥንት ሲግጡ የሚታዩትም ለዚሁ ነው።

«መስኮት ሥር ፀሐይ ታገኛለች»

ሙቀት ታገኛለች፤ የሚያስፈልጋትን አልትራቫዮሌት ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ያ ጨረር ካልነካት ቫይታሚን ዲ አትሠራም፣ ካልሲየሙም አጥንቷ ላይ አይደርስም። ደጅ አውጧት። ጥላም አይጥፋ።

«ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ በስተን ገመድ እንሰርላት»

የሠፈር ልጆች ሐሳብ ነበር፤ ምስማርና መዶሻ ይዘው መጥተዋል። ቅርፊቱ ድንጋይ አይደለም። የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ተጋጥመው የሠሩት ሕያው አጥንት ነው። ላዩ ላይ እንደ ጥፍራችን ያለ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ደም አለ፣ ስሜት አለ። ስትዳብሷት ታውቃለች፣ ሲበሷት ያማታል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ቀለም መቀባትም ይቅር። «እንዲያበራ ቅቤ ቀቢያት» ያሉኝም ነበሩ። ቅቤው አቧራ ይሰበስብና ጉንዳን ይጠራል።

«በየቀኑ ካቀፋችኋት ትለምዳለች»

ለኤሊ ከመሬት መነሣት ማለት አሞራ ወሰደኝ ማለት ነው። ስትደነግጥ ሽንቷን ትለቃለች። ያ ሽንት ለድርቅ ጊዜ በፊኛዋ ያጠራቀመችው ውሃ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለውሃና ለሚዛን ካልሆነ አታንሷት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ምግቧን አስቀምጣችሁ ሂዱ። የሚያለምዳት እሱ ነው። ካነሣችኋት በኋላ ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጤነኛ ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፤ ሕፃናት ላሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

«ከመንገድ አንሥቶ ማሳደግ ምን ችግር አለው?»

ችግር አለው። በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንም መያዝም መነገድም ክልክል ነው። እኛ ባጃጅን የተቀበልነው ከነፈቃድ ወረቀቷ ነው። መንገድ ስታቋርጥ ያገኛችኋትን ኤሊ፣ ትሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ አሻግራችሁ ተዉአት። ደግሞም ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር የምትችል እንስሳ ናት፤ ማን እንደሚወርሳት አስባችኋል?

«አንዴ ከበላች አለቀ»

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ባጃጅ ከሣጥኗ ወጣች። ድንጋዩ ላይ ያለውን የተከተፈ ጎመን ረግጣው አለፈች። ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ጎርጠብ ሄዳ ገመጠች። እኔ የለፋሁበትን ትታ ራሷ ያገኘችውን። በማግሥቱ ግን እንደገና አልበላችም፤ ደመና ነበር።

የመጀመሪያው ጉርሻ ዋስትና አይሆንም። ሙቀት እያላት ከሁለት ሳምንት በላይ ካልበላች፣ ወይም ክብደቷ ከቀነሰ ሐኪም ይያት። ክብደቷን በግምት አይያዙት። እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ በዘንቢል ይዣት ሰፈራችን ያለው ሱቅ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት 7 ኪሎ ከ400 ግራም ነበረች፤ በወሩ 7 ኪሎ ከ650 ሆነች። ባለሱቁ ሚዛኑን እየጠረገ ሲያጉረመርም፣ ስኳር ልትገዛ የቆመች አንዲት ሴት ዘንቢሉን አጮልቃ አየችና «እሷ ደግሞ በኪሎ ስንት ነች?» አለችኝ።